ዝገት የያዘው ፍሬን

ልጄ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ማርልቦሮ ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ መጥታ «አባዬ፣ ዛሬ አብረን ዞር ዞር እንበል» ስትለኝ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር የመኪናዬን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ኪሴ ውስጥ መክተት ነበር። ሌላ አባት ደስ ይለዋል። እኔ ጠረጠርኩ። ሁለት ልጆች የምታሳድግ፣ ዳውንታውን ቢሮ የምትሠራ፣ ባሏ ሁለት ሳምንት ሰሜን የነዳጅ ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ እየሠራ ሁለት ሳምንት ብቻ ቤቱ የሚያድርባት ሴት፣ ቅዳሜዋን ያለ ምክንያት ለአባቷ ሽርሽር አትሰጥም።

«የት ነው ዞር ዞር የምንለው?» አልኳት።

«ኦልድ ፋብሪካዎች ጋ። ድሮ መኪና የሚገጣጠምበት ቢልዲንግ አለ፣ ባቡር የሚጠገንበት አለ፣ ኦንላይን ሊስት አግኝቻለሁ። አንተ እንደዚህ ዓይነት ነገር ላይክ ታደርጋለህ አይደል?»

በጣም እወዳለሁ እንጂ። አገር ቤት ሳለሁ የከባድ መኪና መገጣጠሚያ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ብሎን ሳስር፣ ሻንሲ ላይ ጋቢና ሳስቀምጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። እዚህ ፈረንጅ አገር ከመጣሁም በኋላ እስከ ጡረታዬ ድረስ እጄ ከመኪና አልወጣም። ነገሩ ያልጣመኝም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እምቢ የማልለውን መርጣ ነበር የመጣችው። ልጄ ደግሞ ፋብሪካ ይቅርና ጎሚስታ ቤት አምስት ደቂቃ መቆም የማትወድ ሰው ናት።

«ማን ነው የሚነዳው?»

«አንተ ነዋ።»

የፈራሁት ይኼኔ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ አብረን ስንሄድ የምትነዳው እሷ ናት። ድንገት እኔ ከነዳሁ ደግሞ «አባዬ ቀስ አልክ፣ ሌይን ቀይር፣ አረንጓዴ ሆነ» እያለች ታደርቀኛለች። ያን ቀን ግን መኪናዋን ታራዴል ቤቷ ትታ በትሬን ነበር የመጣችው። ፓርኪንግ መፈለግ ሰልችቶኝ ነው አለች። የእኔ በር ላይ ሦስት መኪና ይቆማል።

ይህን ያህል ለምን እንደፈራሁ የሚገባችሁ ከእኔ ሁለት ቤት አልፈው የሚኖሩትን ወዳጄን ስታውቁ ነው። አሥመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ በዕድሜ አሥር ዓመት የሚበልጡኝ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ባለፈው ዓመት ወንዶች ልጆቻቸው የመኪና ቁልፋቸውን ወሰዱባቸው። እንደ ሌባ ነጥቀው አይደለም። መጀመሪያ ምሳ እንጋብዝህ አሉ። ከዚያ አባባ አንተ ንዳ እያሉ ከጎናቸው ጋቢና መቀመጥ ጀመሩ። በሦስተኛው ወር አብረዋቸው ሐኪም ቤት ገብተው ከሐኪሙ ጋር በፍጥነት እንግሊዝኛ አወሩ፤ መኪናዋም ተሸጠች። «ስማ» ብለውኛል ከአንዴም ሁለቴ፣ «ልጅ ያለ ምክንያት ካንተ ጎን ጋቢና አይቀመጥም። ከተቀመጠ ኤግዛም ላይ ነህ ማለት ነው።» እኚያ መኪና አስነስተው የሦስት ሰዓት መንገድ ኤድመንተን ደርሰው ይመለሱ የነበሩ ሰው ዛሬ ወተት ሲያልቅባቸው ለልጃቸው ደውለው ይጠብቃሉ።

እኔም ብሆን ንጹሕ አልነበርኩም። መኪናዬ ውስጥ፣ ጓንትና የኢንሹራንስ ወረቀት የማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ፣ ስለ መንጃ ፈቃዴ የመጣ ደብዳቤ ነበር። ሰባ አምስት ዓመት ስለሚሞላህ ይህን ፎርም ሐኪምህ ይሙላልህ፣ አለበለዚያ መንጃ ፈቃድህ አይታደስም ይላል። ሰባ አምስት ደግሞ አይሞላኝም። ስልሳ ስምንቴ ነው። ናይሮቢ ሆነን ወደዚህ ለመምጣት ፎርም ስንሞላ፣ የትውልድ ዘመን በሚለው ቦታ ላይ እናቴ የነገረችኝን ዓመት በእኛው አቆጣጠር እንዳለ ጻፍኩት። የፈረንጁ ዓመት እንደሚለይ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ብዕር ስይዝ አላሰብኩትም። በአንድ መስመር ሰባት ዓመት አረጀሁ። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ አስተካክል፣ አስተካክል ስትለኝ ነገ ነገ እያልኩ ከረምኩ። ጡረታው ከጊዜው ቀድሞ ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ አፌን ዘጋሁ። አሁን ታዲያ ዕድሜዬ ይህ አይደለም ብዬ ብጮህ ያኛው ጉዳይ ሊነሳ ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን መሳቢያው ውስጥ ከተትኩትና በላዩ ላይ ጓንት ጣልኩበት።

ዓይኔ ደህና ቢሆን ኖሮ ፎርሙም ባላስጨነቀኝ። ቅጠል መርገፍ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ቀኝ ዓይኔ ጭጋግ ለብሷል። የዓይን ሐኪሜ ሞራ ነው፣ ቀላል ኦፕሬሽን ነው አለችኝ። ቀላል የሚለውን ቃል አላምነውም። እኔ ራሴ መካኒክ ሆኜ ለስንቱ ሰው «ቀላል ነው» እያልኩ ሞተሩን አውርጄበታለሁ። አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ፤ አልተመለስኩም። ለልጄም አልነገርኳትም። እናቷን ከቀበረች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሌላ የሐኪም ወሬ ልጨምርባት? ደግሞም ብነግራት ቁልፉ ይሄዳል። ቤቴ ውስጥ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነኝ፤ መኪናዬ ውስጥ ግን የሚሄድበት ቦታ ያለው ሰው ነኝ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰኝን ሰው ካፖርት ለብሼ መስኮት ላይ ቆሜ መጠበቅ አልፈለግኩም።

በአጠቃላይ የምጠረጥር ሰው ነኝ፣ አልክድም። የሚመጣልኝን ወረቀት ሁሉ ራሴ በአጉሊ መነጽር ነው የማነበው። ሰው ሲያነብልኝ የማይፈልገውን መስመር የሚዘል ይመስለኛል። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች እንኳ አንድ ደብዳቤ አስነብቤ አላውቅም።

የመጀመሪያው ጉብኝት ዳውንታውን፣ ከባቡር ሐዲዱ ጎን ያለ የቀይ ሸክላ ሕንፃ ነበር። ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶው በአንድ ሌሊት ቀልጧል፤ መንገዱ ውሃና ጠጠር ብቻ ነው። የማቆምበት ቦታ ስፈልግ ልጄ በሁለት መኪኖች መሃል ያለች ክፍተት አሳየችኝና «እዚህ ፓራለል ፓርክ ታደርጋለህ?» አለችኝ። አደረግኩ። በሁለተኛው ሙከራ ልክ አስገባኋት። ቀና ስል ስልኳን አውጥታ የሆነ ነገር ትጽፋለች።

«ምንድን ነው የምትጽፊው?»

«ነቲንግ፣ የሥራ ነገር ነው።»

በቅዳሜ ምን ሥራ አለ? በልቤ ያዝኩት።

ውስጥ የምታስጎበኝ አንዲት ወጣት ነበረች። ድሮ መኪና ተፈታቶ በሳጥን በባቡር ይመጣ እንደነበር፣ እዚሁ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተገጣጥሞ በትልቅ ሊፍት ይወርድ እንደነበር ነገረችን። ዛሬ ውድ ውድ ወንበርና መብራት ይሸጥበታል። እኔ ወለሉን አየሁ። ተንበርክኬ በጣቴም ነካሁት። መኪና የተገጣጠመበት ሲሚንቶ ዘይት ይጠጣል፤ የጠጣው ዘይት ደግሞ በምንም ሳሙና አይለቅም። ይህ ወለል የሠርግ አዳራሽ ነው የሚመስለው። ጣራው ላይ ሞተር የሚንጠለጠልበት መንጠቆ ፈለግኩ፤ የለም።

«ዘይቱ የት ሄደ?» ብዬ ወጣቷን ጠየቅኋት።

ልጄ ክንዴን ያዘችኝ። «አባዬ፣ ፕሊስ!»

«ልጠይቃት እንጂ። መገጣጠሚያ ነው ካሉ ምልክቱን ያሳዩን።»

አስጎብኚዋ ፈገግ ብላ ወለሉ አዲስ እንደሆነ ነገረችኝ። ይገርማል፤ ማስረጃ በጠፋበት ቦታ ሁሉ ወለሉ አዲስ ነው። ስንወጣ ልጄ ግንባሯን ይዛ ደረጃው ላይ ትንሽ ተቀመጠች። ቺኑኩ ራሴን አመመኝ አለች። ቺኑክ ሲነፍስ የዚህ ከተማ ሰው ግማሹ ራሱን ያመዋል። ስለዚህ ያችን አንዷን ነገር ብቻ ሳልጠረጥር አለፍኳት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አሁንም በትሬን መጣች። ኢንግልዉድ፣ አሮጌው የቢራ ፋብሪካ ጋ ሄድን። የጢስ ማውጫውን አመንኩት፤ ጥቀርሻው አፉ ላይ እንዳለ ነው፣ ማንም ወጥቶ አላጠበውም። እዚያ ሰፈር መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፣ መኪና በሁለቱም ወገን ቆሟል። አንድ ማዕዘን ላይ ፍሬቻ አብርቼ ወደ ቀኝ ልታጠፍ ስል ልጄ «አባዬ!» ብላ ጮኸች። ፍሬኑን ረገጥኩት። አንድ ብስክሌተኛ በቀኜ በኩል እጁን እያወናጨፈ አለፈ። ጨርሶ አላየሁትም ነበር።

«አይቼዋለሁ» አልኳት።

ትንፋሿ ይሰማኛል። ስልኳን አወጣችና ጻፈች። ብስክሌተኛው ምን ያህል እንደቀረበኝ ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ያንዘፈዝፈኛል፤ ያን ቀን ግን ከእሱ ይልቅ ያሳሰበኝ የተጻፈብኝ ነገር ነበር። ይህን ስናገር አፍራለሁ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ «ዛሬ ኦኮቶክስ ነው» ስትለኝ ነገሩ ፍንትው ብሎ ታየኝ። መጀመሪያ ፓርኪንግ፣ ቀጥሎ ጠባብ መንገድ፣ አሁን ደግሞ ሃይዌይ። እውነተኛ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝም ከዚህ የተሻለ ቅደም ተከተል አያወጣም። እኔም እልህ ያዘኝ። ሁለት እጄን መሪው ላይ አድርጌ፣ ከተፈቀደው ፍጥነት ሳልወጣ፣ ስፖኪዮውን በየደቂቃው እያየሁ ነዳሁ። ቀኜን ለማየት አንገቴን እስኪያመኝ አዞርኩ። አዞርኩ ስል ታዲያ የማየው መስኮቱን አሳልፌ መንገዱን ነው፤ ከመስኮቱ በፊት ያለችውን ልጄን አይደለም።

ከከተማ ወጣ ብላ ባለችው ኦኮቶክስ አጠገብ አንድ ጡረታ የወጣ ገበሬ ዕድሜ ልኩን የሰበሰባቸውን አሮጌ መኪኖች እህል ያስቀምጥበት በነበረ መጋዘን ውስጥ ያሳያል። እዚያ ወለሉ ጥቁር ነው፤ በሩ ሲከፈት የዘይት ሽታ ተቀበለኝ። ሰውዬው ሲጨብጠኝ ጥፍሩ ሥር የገባውን ግራሶ አየሁና ወዲያው ወደድኩት። የእንጨት ጎማ ያላትን የአንዷን ኮፈን ከፈተልኝ። እኔ በእጄ አሳየዋለሁ፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ እሱ ያሳየኛል፣ እኔ እነቀንቃለሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል አብረን አጎንብሰን ቆየን። እንዲህ ደስ ብሎኝ የማውቀው ባለቤቴ ከመሞቷ በፊት ነው።

ቀና ስል ልጄ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ፊት ለፊቴ ስለነበረች በደህናው ዓይኔ አየኋት። እንባ አቅርራ ነበር።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ሃፒ ስትሆን ማየት ደስ ብሎኝ ነው።»

ደስ ያለው ሰው እንዲህ አያይም። ይህ የሚሰናበት ሰው አስተያየት ነው አልኩ በልቤ። የመጨረሻ ጉዞዬ መሆኑን አውቃ አዝናልኛለች ማለት ነው።

ስንመለስ ዓይኗን ጨፍና መጣች። ትሬን ጣቢያ አውርደኝ ብትለኝም እምቢ ብዬ ታራዴል ቤቷ ድረስ ወሰድኳት። ልጆቹን ከዋና ያመጣቻቸው ጎረቤቷ ናት። ልጄ ወደ ቤት ስትገባ እኔ በሯ ላይ የቆመችውን መኪናዋን አንድ ዙር ዞርኳት፤ የድሮ ልማዴ ነው። በጎማው ክፍተት የፍሬኑ ዲስክ ይታያል። አንድ ሁለት ቀን የቆመ መኪና ዲስኩ ላይ ስስ ቢጫ ዝገት ይይዛል፤ አንዴ ፍሬን ሲረገጥ ይጠራል። ይሄኛው ግን ወፍራም ቡናማ ነው፣ በጥፍሬ ስቧጥጠው ይረግፋል። ጎማዎቹም ሥር የቀለጠው በረዶ ያመጣው አሸዋ ተከምሮ ደርቋል። ይህ መኪና ከወር በላይ አልተንቀሳቀሰም። ልጄ ልትዋሸኝ ትችላለች፤ ዲስኩ ግን እኔን የሚዋሽበት ምክንያት የለውም።

በነጋታው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለጋሼ ነገርኳቸው። እሳቸው ሰምተው አልጨረሱም።

«ልትሸጣት ነው» አሉኝ። «የሷን ትሸጥና ያንተን ትወስዳለች። ያንተ አዲስ ናት።»

«ኧረ ጋሼ፣ ልጄ እንደዚህ አታደርግም።»

«የኔስ ልጆች ያደርጋሉ ብዬ ነበር እንዴ?» ሻያቸውን አማሰሉ። «የምትጽፈውን እየው። ስልኳን ስታስቀምጥ ጠብቀህ እየው።»

ላምናቸው አልፈለግኩም ነበር። ግን ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ቁልፉን ማታ ማታ ከትራሴ ሥር ማስቀመጥ ጀመርኩ፤ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ እንደ ሕፃን።

አራተኛው ቅዳሜ ኦግደን ነበር፤ ባቡሮች ይጠገኑበት የነበረው ትልቁ ግቢ። ወደ ውስጥ አይገባም፣ መኪና ውስጥ ሆነን በአጥር ነው ያየነው። ቢሆንም የዚያን ግድግዳ ርዝመት ሳይ ደረቴ ሞላ። ከፍ ብለው የተደረደሩ መስኮቶች፣ ጥቀርሻ የጠጣ ሸክላ፣ ሣር ውስጥ የተቀበረ ሐዲድ። ማንም ምንም ሳይነግረኝ እዚህ ሥራ እንደተሠራ አመንኩ። እኛም መገጣጠሚያችን ውስጥ ደወል ነበረን፤ ደወሉ ሲደወል ያ ሁሉ ሰው እጁን በናፍጣ ታጥቦ፣ ሸሚዙን ቀይሮ፣ እየተቃለደ ይወጣ ነበር። ይህን ለልጄ ላወራት ዞር ስል መኪናው ውስጥ የለችም። አየር ልውሰድ ብላ ወርዳ አጥሩን ይዛ ቆማለች። ስልኳ ወንበሩ ላይ ነው፣ መብራቱም አልጠፋም።

አነሳሁት። ወደ ግራ ዓይኔ አስጠግቼ አነበብኩት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ዝርዝር ነው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ከጎኑ ደግሞ አንድ አንድ ቃል። ዳውንታውን ፓርክ ያደረግኩበት ቅዳሜ፣ በፈረንጁ ሰዓት አሥር ከአርባ፤ ቀላል ይላል። እንደገና አሥራ አንድ ከሩብ፤ መጥፎ። ኢንግልዉድ በሄድንበት ቀን፣ ብስክሌተኛው ባለፈበት ሰዓት ገደማ፤ በጣም መጥፎ። በመካከል ሌሎች ቀኖችም ነበሩ፣ ሰኞም ረቡዕም፤ ዓይኔ ግን የሚፈልገው ቅዳሜን ብቻ ስለነበረ ዘለልኳቸው።

ሞተሩን አጠፋሁና ቁልፉን ይዤ ወረድኩ።

«ይኸው!» አልኳት። «በየቅዳሜው ነጥብ እየያዝሽ ከምታሰቃዪኝ አሁኑኑ ውሰጂው። ያሳደግኩሽ አባትሽ ነኝ፤ ቁልፉን ከፈለግሽ ስጠኝ ማለት ነው። በይ ንጂና ቤቴ አድርሺኝ፣ እዚያ ይለቅልን።»

ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩት። አየችው። ጣቶቿን ግን አላጠፈችም።

«አልችልም» አለች።

«ለምን አትችይም?»

«አባዬ፣ መንዳት አልችልም። ዶክተሩ ከልክሎኛል። አልተፈቀደልኝም።»

አጥሩን ተደግፋ ነገረችኝ። ከስድስት ሳምንት በፊት ቢሮ ውስጥ፣ ስብሰባ ላይ እያለች፣ ወድቃለች። ሰውነቷ ተንቀጥቅጦ ራሷን ስታለች፤ የነቃችው አምቡላንስ ውስጥ ነው። ምክንያቱን ገና አላወቁትም፣ ምርመራ ላይ ናት። እስኪታወቅ ድረስ መኪና እንዳትነዳ ተነግሯታል። ራሷን ባመማት ወይም ባዞራት ቁጥር ደግሞ ሰዓቱንና ምን ያህል እንደሆነ እንድትጽፍ ታዛለች።

«ሊስቱ የኔ ነው» አለች። «ስለ አንተ አይደለም።»

እኔም አጥሩን ያዝኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ?»

«ልነግርህ ነበር። ኤቭሪ ሳተርደይ ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ ነው የምመጣው። ከዛ ደስ ብሎህ ሳይህ ያቅተኛል። ባሌ ካምፕ ሲሄድ ከልጆቹ ጋር ብቻዬን መሆን ፈራሁ፣ ብወድቅስ ብዬ። ካንተ ጋር መቀመጥ ፈለግኩ። ግን ዝም ብዬ ብመጣ አንተ ትጠረጥራለህ። አንተ ጋ ሰው ያለ ምክንያት አይመጣማ። ስለዚህ ፋብሪካ አልኩህ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ስነዳስ አታዪኝም ነበር?» አልኳት፤ አሁንም ያቺ ነገር አልለቀቀችኝም።

«አይህ ነበር» አለች እውነቷን። «ልጆቹን ስኩል እንድታደርስልኝ ልጠይቅህ ፈልጌ ነበር። ከብስክሌቱ በኋላ ግን... አልጠየቅኩህም።»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። አራት ቅዳሜ ሙሉ የተቀመጠችው በቀኜ ነው። ፊቷ ገርጥቶ ይሁን፣ በሩን ጨብጣ ይሁን፣ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ይሁን፣ ጭጋግ ባለበት ዓይኔ በኩል ስለነበረች አላየሁም። ዝገቷን መኪናዋ ላይ አየሁ እንጂ እሷን አላየኋትም።

በእኛ ቤት ሕመም የሚነገረው ለሚወዱት ሰው መጨረሻ ላይ ነው። እንዳይደነግጥ እየተባለ። እናቷም እንዲሁ አድርጋናለች፤ እሷ ካወቀችው በኋላ ወራት ቆይቶ ነው እኛ የሰማነው። ያን ጊዜ ይህቺው ልጄ «እኛ ለምንድን ነው እንዲህ የምንሆነው?» እያለች የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አልቅሳለች። እኔም እንዳላለቅስ ግድግዳ ግድግዳ አይ ነበር። ይኸው በሁለት ዓመቱ እሷም ያንኑ አደረገች፤ እኔም ያንኑ እያደረግኩ ነው።

ወደ መኪናው ተመለስኩ። ጓንቱን አነሳሁና ደብዳቤውን አውጥቼ ሰጠኋት።

«ቀኝ ዓይኔ አያይም» አልኳት። «ሞራ ነው። ቅጠል ከረገፈ ጀምሮ። ብስክሌተኛውን አላየሁትም፤ ዋሽቼሽ ነው።»

ደብዳቤውን አላነበበችውም። እኔን ነበር የምታየው። ከዚያ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሕፃን ሳለች አደርገው እንደነበረው ጭንቅላቷን ያዝኩ፤ ራስ ምታቷ እንዳይነሳ ፈርቼ ግን ቀስ ብዬ።

«ሶ፣» አለች እንባዋን እየጠረገች፣ «ማን ነው ቤት የሚነዳን?»

ሁለታችንም መኪናዬን አየናት። ሞተሯ ደህና፣ ጎማዋ ደህና፣ ነዳጇ ሙሉ። የጎደላት ሰው ነው።

«ሰኞ ለዓይን ሐኪሜ ኮል አድርጊልኝ» አልኳት።

«ሰኞ በጠዋት አደርጋለሁ። የዕድሜውንም ነገር አብረን እናስተካክላለን፣ ያችን የናይሮቢዋን። ማሚ ነግራኛለች።»

ይህንንም ታውቅ ኖሯል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሌላስ ምን ነግራሻለች ብዬ አፋጥጣት ነበር። አሁን ግን መኪናዬን ቆልፈን ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት። የጋሼን ትልቁን ልጅ፣ ያንን ስንት ቀን ቁልፍ ቀማኛ እያልኩ ያማሁትን፣ ለምነን መኪናውን በኋላ እንዲያመጣልኝ ወሰንን። የዚያን ረጅም ግድግዳ ጥግ ይዘን ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄድን። በግራዬ እንድትሄድ አደረግኳት። በጣም ከስታለች። ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል። አንዴ ቆመን አረፍን፤ ማን ደክሞት እንደቆመ አላውቅም።

አውቶቡሱ ውስጥም በግራዬ ተቀመጠች። ትንሽ እንደሄድን ስልኳን አወጣችና ጻፈች። ሳያት አየችኝ። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ካላመንክ እየው፣ አባዬ።»

አጉሊ መነጽሬ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ተውኩት።

«አንቺው አንብቢልኝ» አልኳት።

«ቅዳሜ» አለች። «ከሰዓት ሁለት ከአሥር። ምንም የለም።»

አመንኳት።